የእማማ ቁጥር ካርድ

ቢሮ ውስጥ «ስምና የትውልድ ዘመን ካለ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። እኔም በጉብዝናዬ ወራት እንዲሁ እል ነበር። ልክ ያስገቡኝ እማማ ቁጥር ናቸው።

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ነርሶቹ ናቸው፤ ሰላም እንኳ ሳይሉ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ስለሚሉ። ያ ክፍል ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ካርድ፣ ሲወጡ ሲወርዱ ሲጢጥ የሚለው መሰላል፣ ጆሯቸው ላይ የማትጠፋው እርሳስ።

ካርዱን ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነበርኩ። እማማ በየካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ የጻፉትን ቁጥር ንቄ ተውኩትና ፕሮግራሙ ሰውን በስሙ፣ በአባቱ ስምና በትውልድ ዘመኑ እንዲለይ አደረግሁ። «ልጄ፣ ቁጥሯን አትዝለላት» ቢሉኝ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው!» ብዬ ሳቅሁባቸው።

በሦስተኛው ቀን ጉድ ፈላ። ስማቸውም፣ የአባታቸው ስምም፣ ዘመናቸውም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራሙ እንደ አንድ ሰው ቆጠራቸውና ለሁለቱም የመጀመሪያዋን ካርድ አሳየ፤ የሁለተኛዋ የለም። የሁለተኛዋ ካርድ ላይ ደግሞ «ፔኒሲሊን እንዳትወጋ» የሚል በቀይ ተጽፎ ነበር። ነርሷ ኮምፒውተሩን አምና ለሁለተኛዋ የፔኒሲሊን መርፌ አዘጋጀች። እማማ ቁጥር ሴትዮዋ ስትገባ አይተው ኖሮ፣ የወረቀቱን ካርድ ይዘው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሮጡ። መርፌው ሳይወጋ ለጥቂት ደረሱ።

አለቃችን «የማን ጥፋት ነው?» ሲል፣ «ካርዱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አሉ። ወደ ክፍላችን ስንመለስ፣ «በል አሁን ቁጥሯን አስገባ። መጀመሪያ በእኔ ካርድ ሞክር፤ ከተበላሸም የእኔው ይበላሽ» አሉኝ። ቁጥራቸው አርባ አንድ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ጡረታ ወጡ፤ ያ ነገር ዓመታት አንገበገበኝ።

አምና እዚያው ሆስፒታል ታመው መተኛታቸውን ሰምቼ በረርኩ። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ «የታማሚዋ ስም?» አለችኝ። ክው አልኩ። ለካ ስማቸውን አላውቀውም!

«ካርድ ቁጥር አርባ አንድ» አልኳት።

አስገባችና «ክፍል አራት፣ መስኮቱ ጋ» አለች።

ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያኔ...» እንባዬ ቀደመኝ።

«ተው እንጂ! ያቺ የፔኒሲሊኗ ሴትዮ እኮ ደህና ናት፤ ትናንት መጥታ ጠይቃኝ ሄደች። ይሄን ብርቱካን ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ በል ላጥልኝ።»