ለመስቀል የጸዳው ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩት ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ በሚያምስበት ሰሞን ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ፣ የቦታ ይዞታ ማህደር በሚቀመጥበት አንድ ቢሮ። ስሙን ልተወው፤ ዛሬም ወዳጆች አሉኝ።

የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ ሰርቨሩ፣ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር ፊት አቆሙኝ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው ይቀድማል፣ ደግነታቸው ይከተላል።

«ዲፕሎማህን አይቻለሁ፤ አሁን እጅህን ልይ» አሉኝ። «‹አሮጌ› ከሚለው ፎልደር የቀበሌ ሁለትን ፕላኖች በታር ጠቅልላቸው።»

ታር ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚቋጥር ትእዛዝ ነው። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ መጻፍ ብቻ። ላብ እያጠመቀኝ ጻፍኩ። ጥቅሉን ሲዲ ላይ አስቀዱኝና በማርከር ቀን ጻፉበት።

«ይሄን ቤትህ ውሰደው።»

«እዚህ ካዝና አለ አይደል እንዴ?»

«ቢሮው ቢቃጠል ካዝናው ሮጦ ሊያመልጥልህ ነው?»

ወልቂጤ ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። ከትምህርት ሰርተፍኬቶቼ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ እኔም ረሳሁት።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጡ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ሆንኩ፤ መዘዙም ከዚያ መጣ። አርሲንክ የሚባል ትእዛዝ ተማርኩ። ከሰርቨሩ ላይ አዲስ የገባውን ብቻ ለይቶ ወደ ውጭ ዲስክ ይቀዳል። «ዲሊት» የሚል ቃል ከታከለበት ደግሞ ከዋናው የጠፋውን ከግልባጩም ያጠፋል። አከልኩበት፤ ዲስኩ በማይረባ ነገር እንዳይሞላ ብዬ። በየሳምንቱ ዓርብ ራሱ እንዲሠራ አደረግኩት። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መሆናቸውን እያየሁ እኮራ ነበር። ሞኝ!

ጸሐፊያችን ተዋበች የጥያ አካባቢ ልጅ ናት። መስቀል ሲደርስ አገሩ ሁሉ ወደየትውልድ መንደሩ ይነቀላል፤ ከዚያ በፊት ቤት ይጠረጋል፣ ግድግዳ ይለቀለቃል፣ አሮጌው ይወጣል። ተዋበች ቤቷን ጨርሳ ወደ ቢሮው ዞረች። ጠረጴዛውን ወለወለች፣ መደርደሪያውን አራገፈች፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩን ከፍታ «አሮጌ» የሚለውን ፎልደር አጠፋችው። የዚያኑ ሳምንት ዓርብ ትእዛዜ ሠራ። ሁላችንም ክትፎ ላይ ነበርን።

ከበዓል እንደተመለስን አባባ ሸምሱ መጡ። በበርበሬ ንግድ ያረጁ፣ የቀበሌ ሁለት ነዋሪ ናቸው። ጎረቤታቸው አጥሩን ወደ እሳቸው ግቢ ገፍቶ ፍርድ ቤት ቆመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ነው። እዚያች ጎን ላይ ልጄ ከነልጆቿ የምትኖርባት ክፍል አለች፤ ፕላኑን ካላቀረብኩ ትፈርሳለች። የኔን ወረቀት ምስጥ በላው። ማሽናችሁ ግን ምስጥ አይገባውም ብለውኛል።»

«አይገባውም አባባ» አልኩ። ሰርቨሩን ከፈትኩ፤ የለም። ግልባጩን ዲስክ ሰካሁ፤ እሱም ላይ የለም።

ተዋበች ያጠፋችው እሷ መሆኗን ስትናገር አዲሱ አለቃችን ጮኹ። «ተዋበችን ግምገማ ላይ ነው የማቀርባት!»

ተዋበች ታለቅሳለች። «ለመስቀል ሳይጸዳ ይገባል እንዴ? አሮጌ ይላል እኮ!»

እውነቷን ነው፤ ስሙን ሳልቀይር የተውኩት እኔ ነኝ። «ዋናውን ነው እሷ ያጠፋችው» አልኩ። «ግልባጩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አለቃው «ታዲያ ሽማግሌውን ምን ልንላቸው ነው?» አሉ።

ያኔ ሲዲው ትዝ አለኝ። በማግስቱ በማለዳ ወልቂጤ ገባሁ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አለች እናቴ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ከሰርተፍኬቶቹ ሥር ተኝቷል። ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ የመጣሁበትን መንገድ ተመለስኩ።

ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቼ ጥቅሉን እንዲፈታ ታርን አዘዝኩት። ስሞቹ በስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ። ተዋበች ከኋላዬ ቆማ ጣቷን ዘረጋች፤ «ያው! ሸምሱ!» ፕላኑ ታተመ፣ ማኅተም ተመታበት።

አባባ ሸምሱ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «አልሐምዱሊላህ! አላልኩህም? ማሽን ምስጥ አይገባውም።»

«ገብቶት ነበር አባባ» አልኳቸው። «ምስጡ እኔ ነበርኩ።» የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

አጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ክፍሏም አልፈረሰችም። የሌሎቹ ቀበሌዎች ፕላኖች ግን ጠፍተው ቀሩ። ከተዋበች ጋር ወራት ሙሉ በር እያንኳኳን፣ ወረቀቱ በእጁ ያለውን እየለመንን መልሰን ስካን አደረግን። ወረቀቱም የጠፋበት ሰው ነበር። እሱን ቆመን «ይቅርታ» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልንም።

ሁለት አንድ ዓይነት ዲስክ ሁለት ቅጂ አይደለም። አንዱን ቅጂ ትእዛዛችሁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፤ አልፎ አልፎም ከፍታችሁ እዩት። እኔ ያንን ሲዲ ያስቀመጥኩት አስቤበት አይደለም፤ ስለታዘዝኩ ነው።