ከፉጨት አጠገብ የሚቀመጥ ሰው

ፀጉር ሠሪዋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንኳ ወይ መስታወት ትወለውላለች፣ ወይ የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቷ ናት፤ «አንቺ ልጅ፣ ወንበር ይናከሳል ያለሽ ማነው?» እያለች ታሾፍባት ነበር።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት ትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ፣ ተቀምጣ እንድትውል የተፈረደባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጇ ስትወለድ የአየር ቧንቧዋ ጠባብ ስለነበር፣ ሐኪሞች አንገቷ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ትንሽ ቱቦ አስገቡላት። የምትተነፍሰው በዚያ ነው። ስትስቅና ስትሮጥ ቱቦው ስለሚያፏጭ አባቷ «ፉጨት» አላት፤ ስሙም ጸናባት። ማውራት ስትፈልግ ጣቷን ቱቦው አፍ ላይ ጫን ታደርጋለች፣ ከዚያ ወሬዋ ማብቂያ የለውም። በአፏ የምትበላው ስለማይበቃት ቀትር ላይ ሆዷ ላይ ባለው ሌላ ቱቦ ወተት ይሰጣታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አክታ ነው። አክታ የአንገቷን ቱቦ ከደፈነው፣ ወዲያው በመምጠጫ ማሽን ካልተጠረገላት ትታፈናለች።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። «ልጅቷን በደስታ እንቀበላለን። እናቷ ግን ከግቢ እንዳትወጣ» አለ። ስለዚህ እናት በየቀኑ ማሽኑን አንጠልጥላ መጥታ፣ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት ጆሮዋን አቁማ ትውላለች። ከውስጥ ሳል በተሰማ ቁጥር በሩን በርግዳ ትገባለች። ብዙውን ጊዜ የሳለው ሌላ ልጅ ነው። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

አንድ ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ፉጨት ጣቷን አንገቷ ላይ አደረገችና፣ «እማ፣ ሌላ ሰው ሲያስል አትግቢ። ታሳፍሪኛለሽ» አለቻት።

«አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

«እኔ እኮ አላስልም፤ አፏጫለሁ።»

እናት ሳቀች፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በማግስቱ ትምህርት ቢሮ ሄደች። ከልጅቷ የማይለይ፣ ማሽኑን የሚያውቅ አንድ ረዳት እንዲመደብላት ነበር የምትፈልገው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ ተባለች። ነገ ስትሄድ፣ ከሰዓት ነይ። የሐኪሙን ማስረጃ ይዛ ደጅ ብትጠና ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ ከኃላፊው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እህቴ፣ አንድ መምህር ሃምሳ ልጅ እያስተማረ፣ እኛ ለአንድ ልጅ አንድ ሰው?» አላት።

«ሃምሳዎቹ በአፍንጫቸው ነው የሚተነፍሱት።»

«ደግሞስ እርስዎ አሉላት አይደል? ከእናት የተሻለ ረዳት ከየት ይመጣል?»

የሐኪሙን ማስረጃ አጣጥፋ ተነሳች። ሙገሳ የለበሰ እምቢታ ነው፤ እሺ ቢሉትም እምቢ ቢሉትም ያስራል። ደረጃውን እየወረደች በሆዷ ስታብሰለስል ስልኳ ጮኸ። የክፍሉ መምህርት ናት። ጠዋት «ሂጂ፣ እኔ አያታለሁ» ብላ የላከቻት እሷው ነበረች።

«ደህና ናት፤ አትደንግጪ» አለች መምህርቷ።

ቱቦው የተደፈነው መምህርቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ነው። ፉጨት ከንፈሯ ሲጠቁር አጠገቧ የተቀመጠችው ተማሪ ጮኸች። መምህርቷ እናት ትታላት በሄደችው ማሽን፣ እንዳሳየቻት አድርጋ ጠረገችላት። ልጅቷ ተነፈሰች። ግን በዚያው ትርምስ ልጆቹ በድንጋጤ ወጥተው ሲራወጡ አንዱ ደረጃ ላይ ወድቆ ጥርሱ ተሰበረ።

መምህርቷ በማግስቱ ከእናት ጋር ትምህርት ቢሮ ኃላፊው ዘንድ መጣች። ሳትቀመጥ ነበር የጀመረችው።

«ልጅቷን ጠልቼ አይደለም። ግን እየጻፍኩ የአንዷን ትንፋሽ፣ የሃምሳውንም ጥያቄ ማዳመጥ አልቻልኩም። ትናንት ልትሞትብኝ ነበር። ይቻላል የሚሉ ከሆነ፣ መጥተው አንድ ጠዋት ይቀመጡና ይዩት።»

ኃላፊው መጣ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፉጨት ጓደኛዋ ባሳቀቻት ቁጥር ቱቦው ሲያፏጭ፣ ኃላፊው ብድግ ይላል። እረፍት ሲደወል ክራቫቱ ላልቶ ነበር። «ረዳት ይመደብላታል» ብሎ ወጣ።

ረዳቷ እስክትመደብ ግን ሌላ የቀጠሮ ጋጋታ አለፈ። በመጨረሻ አንዲት አጭር፣ ቁጥብ ወጣት ሴት መጣች። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ስትንከባከብ የቆየች ናት። ማሽኑን ያዘች፣ ወተቱን ሰጠች፣ ሁሉንም በወጉ ሠራች። እናት ግን ከአግዳሚው አልተነሳችም። ዛሬን ልያት፤ ነገን ልያት፤ ሳምንቱ አለቀ።

ረዳቷ አንድ ቀን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ብልዎት ይቀየሙኛል?»

«በይ።»

«ልጅቷ ሲጨንቃት የምታየው በሩን ነው እንጂ እኔን አይደለም። እርስዎ እዚህ እስካሉ እኔ ዕቃ ነኝ። አንድ ቀን እርስዎ ሳይኖሩ ቢጨንቃት፣ ወደ ማን ትዞራለች?»

እናት ደሟ ፈላ። «የወለድኳት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። እኔንም ያስቀጠሩኝ እርስዎ ነዎት።»

እናት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እንደ ወለደች ድመት የትምህርት ቤቱን አጥር ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው። ከዚያ እንዳትመለስ ፈርታ ያገኘችው አውቶብስ ላይ ዘለለች።

ፀጉር ቤት ስትደርስ እህቷ ማበጠሪያ ሰጠቻት። የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየከፈለች ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለው ስልክ አልነቀል አለ። ሁለቴ ጎተተቻት፤ ደንበኛዋ «ኧረ ጭንቅላቴን ተይልኝ!» አለች።

ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ረዳቷ ናት፦ «ተደፍኖ ነበር፤ ጠርጌዋለሁ። ወተቷንም ወስዳለች።»

«መጣሁ!» እናት ጋውኗን ማውለቅ ጀመረች።

በስልኩ ውስጥ ፉጨት ተሰማ፤ ቀጥሎ የልጅቷ ድምፅ፦ «እማ፣ አትምጪ። ሥዕል ላይ ነን።»

እናት አንድ እጅጌዋን አውልቃ ቆመች። እህቷም፣ ደንበኛዋም ያዩዋታል። ቀናችም፣ ደስም አላት። እጅጌዋን መልሳ አጠለቀች።

ያም ሆኖ ከመውጫው ደወል ቀድማ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘች። አሁንም ትገኛለች። የረዳቷ ምደባ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይታያል ተብላለች። እሷም ትምህርት እስኪዘጋ አልጠበቀችም፤ ካሁኑ ጠዋት ጠዋት፣ ፀጉር ቤት ከመግባቷ በፊት፣ የኃላፊውን በር ታንኳኳለች።