ለታመመች ዓሣ ጥየቃ

ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ የሳሎኑን ግማሽ የያዘው አኳሪየም ነው። እንግዳ ሲመጣ ጉልበቱን አጥፎ ሶፋው ጥግ ይቀመጣል፤ ግድ የለኝም። አንድ ጊዜ ከቦሌ የገዛኋትን ቆንጆ ዓሣ በዚያው ዕለት ከነባሮቹ ጋር ቀላቅዬ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ሁሉንም ጨረስኳቸው። የተረፈችው አንዲት ሆዷ የሰፋ ብርቱካናማ ዓሣ ብቻ ነበረች። አሮጊቷ እላታለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት የሚገባ አዲስ ዓሣ ሁሉ ለአንድ ወር ኳራንቲን ይገባል። መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ በተቀመጠ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ የራሱ ማጣሪያ፣ የራሱ መረብና የራሱ ባልዲ ይሰጠዋል።

እናቴ ከአዲግራት መጥታ የምትኖረው እኔ ዘንድ ነው። እኔ ጠዋት ወጥቼ አትላስ አካባቢ ያለው ቢሮዬ እገባለሁ፤ የምመለሰው የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ሲለቀኝ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ከዓሣዎቹ ጋር ትውላለች። በትግርኛ ታወራቸዋለች፤ መልስ ባይሰጧትም ቅር አይላትም። ኳራንቲን የሚባለውን ነገር ግን ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ አትወደውም።

ባለፈው ክረምት፣ እናቴ እኔ ዘንድ ከመጣች አምስት ወር ሲያልፋት፣ አንዲት ጥቁር ዓሣ ገዝቼ ሳጥኗ ውስጥ አስገባሁ። በአራተኛው ቀን ጅራቷ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ወጡባት። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ! ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለዚህ ቀን ነበር፤ ጥገኛ ተውሳኩ ሳሎን ሳይደርስ መታጠቢያ ቤት ተያዘ። መድኃኒቱን ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ የውሃውን ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ አደረግኩና ለእናቴ መመሪያ ሰጠሁ።

«እማዬ፣ ይህቺ ታማለች። እዚህ የነካ ነገር እዚያ እንዳይነካ። እጅሽም ቢሆን።»

«ታማለች? ምስኪን!» አለች።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። «እንዳትነኪ» ብዬ ማቆም ስችል «ታማለች» አልኩ።

በሳምንቱ አሮጊቷ ጎኗን ከጠጠሩ ጋር ስታክክ አየኋት። ቀረብ ብዬ ሳይ ክንፏ ላይ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ክው አልኩ። መረቡ የተለየ፣ ባልዲው የተለየ፤ በየት በኩል ገባ?

«እማዬ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳጥን ውሃ ቀድተሽ ነበር?»

«ውሃው ምን ያደርግልኛል?» አለች፤ ከዚያ ኮራ ብላ፣ «አሮጊቷን ወስጄ አስጠየቅኋት እንጂ።»

በጆግ ቀድታ ወስዳ፣ ከታመመችው ጋር አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጣ፣ ጥየቃው ሲያበቃ ወደ ቤቷ መልሳታለች። ሕመምተኛ ዘንድ ብዙ መቆየት ደግ ስላልሆነ ነው ቶሎ የመለሰቻት።

«እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ!» ብዬ ጮህኩ። አዎ፣ እናቴ ላይ ጮህኩ።

«ብቻዋን እኮ ነው የተውሻት» አለች። «ታማ፣ ግድግዳ እያየች።»

ነገሩ ሲገባት ግን ከእኔ የባሰ ደነገጠች። «ይህቺ ዓሣ ከሞተች እዚህ ቤት አልቀመጥም፤ አገሬ እገባለሁ» አለች። እናቴ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እንድትሄድብኝ አልፈልግም ነበር፤ ስለዚህ አሮጊቷን ማዳን የዓሣ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሥራው ውሃ ካለ ቀላል ነው። ተውሳኩ ከዓሣዋ ቆዳ ሲላቀቅ ወደ ታች ወርዶ ጠጠሩ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ከሥር ያለውን ቆሻሻ በቱቦ መሳብ፣ የወጣውን ያህል አዲስ ውሃ መተካት፣ ከዚያ መድኃኒት መጨመር ነው። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው አንድ ቀን ማደር አለበት። የእኛ ብሎክ ደግሞ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ጀሪካኖቻችን ባዶ ሆኑ።

እኔ ቢሮ ሳለሁ እናቴ አንኳኩታ የማታውቀውን የጎረቤት በር ሁሉ አንኳኳች። «ሕመምተኛ አለብኝ፤ ውሃ ካላችሁ» አለች። ውሸት አይደለም። ማታ ስመለስ በራችን ላይ ስድስት ጀሪካን ተሰልፎ ጠበቀኝ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በር ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ ሁለት ሴቶች፣ ከፊት ለፊታችን ደግሞ ጴንጤ ባልና ሚስት፣ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ቆመዋል። ለዓመታት በአንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ከእንዴት አደራችሁ አልፈን አናውቅም።

«ሕመምተኛው የት ነው የተኛው?» አሉ።

እናቴ ምንም ሳታፍር ወደ አኳሪየሙ አመለከተች። ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ባልየው ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ውስጥ አሮጊቷን ትክ ብሎ አያትና በጣም በቁም ነገር፣ «ጌታ ይፈውሳት» አለ። ሚስቱ ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሶፋው ላይ ተጨናንቀው እስኪመሽ ተጫወቱ፤ ብርቱካኑንም ራሳቸው ጨረሱት።

ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ሞቱብን፤ አዘንኩ። አሮጊቷ ግን በስድስተኛው ቀን ነጩ ጠፋላት። እናቴ እልል ልትል ስትል ያዝኳት፤ ለዓይን ጠፋ ማለት ከጠጠሩ ውስጥ አለቀ ማለት አይደለምና መድኃኒቱ ሁለት ሳምንት ይሞላል አልኩ። ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ይለኝ ጀመር።

ሁለት ሳምንቱ የሞላ ዕለት ኬክ ገዝቼ በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ። እንግዲህ የትም አትሄጂም ልላት ነው። በሩ ተቆልፏል። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ብቅ ብላ፣ «አራተኛ ፎቅ የወለደች አለች፤ እሷን ልትጠይቅ ወጥታለች። ከዚያም ሌላ ቤት አለባት» አለችኝ።

ከፍቼ ገባሁና ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አየሁ፣ አስቀመጥኩ፣ መልሼ አየሁ። ኬኩን ብቻዬን መጀመር አስጠላኝ። ከማጣሪያው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም፤ ቤቴ በቀን እንዲህ ጭር እንደሚል አላውቅም ነበር።

እናቴ እየሳቀች ገባች። «ውይ፣ መጥተሻል? ብቻሽን ነሽ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ!» አልኳት፣ ኩርፍ ብዬ።

«አንድ ሰዓት» አለች ነጠላዋን እያጣጠፈች። «እኔ ስድስት ወር።»