ሰይፉ ያጠበቃት ብሎን

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሰይፉ ጎረቤታችን ያገለገለ ዕቃውን ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል አሮጌ የካሴት ቴፕ ታቅፎ ገባ። ጎንና ጎኑ እንጨት የመሰለ፣ ፊቱ ላይ ከድምፁ ጋር የሚወዛወዙ ሁለት መርፌዎች ያሉት፣ ከባድ ዕቃ ነው። ያን ዕለት የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ፈታታው፤ እስከ ዛሬም እንደተፈታታ ነው። ልጆቹ ከቤት ከወጡ ወዲህ ጠረጴዛው ስለሚሰፋን፣ እኔ ባንዱ ጫፍ ምሳዬን እበላለሁ፣ እሱ በሌላው ጫፍ የቴፑን ሆድ ዕቃ ይመረምራል።

"ቺንጋዋ ቀልጣ ሬንጅ ሆናለች" አለኝ ትናንት፣ የጠቆሩ ጣቶቹን እያሳየኝ። ሞተሩን ከሚያሽከረክረው ጎማ ጋር የምታያይዘውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ማለቱ ነው። "ሌላው ግን ሰላም ነው።"

"ብሎን እንዳታጠብቅ" አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ዕድሜያችን ገፍቶም ያቺ ብሎን ስትነሳበት አይወድም።

ነገሩ የሆነው ወጣት ሳለን ነው። እኔ በዲቪ አሜሪካ መጥቼ ገና አገሩን እየለመድኩ፣ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና ሳንድዊች እጠቀልል ነበር። ሰይፉ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። የምንተዋወቀው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለታችንም መዘምራን ነበርን። የራሳችን ሕንፃ ስላልነበረን አሜሪካኖቹ ጠዋት ተጠቅመው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን። የምንገባው የእነሱ ኩኪስ ሽታ ላይ ነው፣ ትተንላቸው የምንሄደው የበርበሬ ሽታ፤ በዚህም በትሕትና ተወቅሰናል።

በዚያ ሰመር ዘማሪ ጋሽ ዘለቀ ከአገር ቤት ሊጎበኙን እንደሚመጡ ፓስተራችን አበሰረን። ስማቸውን ያልሰማ የለም። ድምፃቸውን ግን የሰማ ከመካከላችን አልነበረም፤ ካሴታቸው ከሱቅ የሚገዛ ሳይሆን እዚያው አገር ቤት ከሰው ሰው እየተገለበጠ የሚዞር ነበር። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ታምሩ አንዱን ግልባጭ እንደምንም አገኘ። ሐሳቡ የታወቀውን መዝሙራቸውን አጥንተን ፊታቸው ዘምረን ልናስደንቃቸው ነው። ብቻ የሚዘመረው ክፍል፣ ሶሎው፣ ለእኔ ተሰጠ። መዘምራን ከገባሁ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበርና ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ችግሩ የቤተ ክርስቲያኑ ቴፕ አይሠራም። ሰይፉ እጁን አወጣ።

"ሐዋሳ እያለሁ የሠፈሩን ቴፕ ሁሉ እኔ ነበርኩ ፊክስ የማደርገው" አለ።

በሕይወቱ የከፈተው አንድ የአክስቱን ሬድዮ ብቻ እንደሆነና እሱም ተመልሶ እንዳልተዘጋ እህቱ የነገረችኝ ከተጋባን በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ቴፑ ሠራ። አዲስ ቺንጋ አስገባለት፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጠረገው። ከዚያም ሞተሩ ጀርባ አንዲት ቀዳዳ አየ፤ በውስጧ ትንሽ ብሎን።

"ላልታ አገኘኋት፣ ጥብቅ አደረግኳት" ብሎ በኩራት ነገረን። ያቺ ብሎን የሞተሩ ፍጥነት ማስተካከያ ናት። ያንን ማንም አላወቀም።

ካሴቱ ሲጫወት ቀጭን፣ ጥድፍ ያለ የወንድ ድምፅ ወጣ። ታምሩ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና፣ "ምን ዓይነት ጸጋ ነው፤ ሰውየው ሲተነፍሱ እንኳ አይሰማም" አለ።

የመዝሙሩ አዝማች "ቀስ አድርገህ ምራኝ፣ እግሬ ደክሟልና" ይላል። ይህን በሩጫ አጠናነው። የከበሮ መቺው የእጅ አንጓ አበጠ። ወንዶቹ ላይኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ጅራቱ የተረገጠ ድመት ይመስላሉ፤ ሰይፉም ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚዘምር ነበርና የራሱ ጥገና ሰለባ ሆነ። እኔ ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ ከረምኩ። ከልምምድ ስንወጣ አንዲት ሜክሲኳዊት ፓርኪንጉ ላይ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ታማሌ ትሸጥልን ነበር። የበቆሎው እንፋሎት ከነሐሴ ሙቀት ጋር ፊት ላይ ይመጣል፤ ሌሎቹ ቆመው ሲጎርሱ እኔ ጉሮሮዬ ስለሚከረክረኝ በዓይኔ ብቻ እበላለሁ።

ጋሽ ዘለቀ ቅዳሜ ደረሱ። ከኤርፖርት ፒክ አፕ የምናደርጋቸው እኔና ሰይፉ ነበርን፣ ኤሲ በሌለው መኪናው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻንጣቸውን በሲባጎ ያሰሩ ሰው ናቸው።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"እንኳን ደህና ቆያችሁኝ፣ ልጆቼ" አሉ።

ድምፁ የመጣው ከምድር ሥር ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ የጭነት መኪና በሉት። ሰይፉ እኔን አየ፣ እኔ እሱን አየሁ።

ሀይዌይ ላይ ከገባን በኋላ፣ "ጋሼ፣ መንገድ ላይ ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?" አለ ሰይፉ በተስፋ።

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ማለቴ፣ ድምፅዎ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ጢም ካበቀልኩ ወዲህ እንዲህ ነው።"

ከሀይዌዩ የምንወጣበትን ኤግዚት አለፍነው።

ማታውን ለታምሩ ደወልኩ። "ሰው ሲያወራና ሲዘምር ድምፁ ይለያያል" አለኝ። "ኦኬ? ሌላ ነገር አታስቢ፤ እንዳጠናነው እንዘምራለን።"

በማግስቱ እሑድ እንዳጠናነው ዘመርን። ከአዝማቹ ስንደርስ ጉባኤው ተነሥቶ ያጨበጭባል፣ በሁለተኛው ዙር ይዘላል። በከዘራ የሚሄዱት እማማ ብርቄ ከዘራውን ወንበር ላይ ትተው፣ "ቀስ አድርገህ ምራኝ" እያሉ ከሁሉም ቀድመው ያሸበሽባሉ። ጋሽ ዘለቀም ከፊት ወንበር ቆመው በደስታ ያጨበጭባሉ። ድምፄ አልተሰበረም፤ እኔ ራሴ ማመን አቃተኝ።

ስንጨርስ ጋሽ ዘለቀ ወደ ፓስተሩ ዘንበል አሉ። ሰላምታ እንዲሰጡ የተቀበሉት ማይክ ክፍት መሆኑን አላወቁም።

"ደስ የሚል መዝሙር ነው" አሉ። "የማን ነው? ግጥሙን የሆነ ቦታ የሰማሁት ይመስለኛል።"

ጥያቄያቸው በስፒከሩ አዳራሹን ሞላ።

"የእርስዎ ነው" አለ ፓስተሩ፣ ወደ ጫማው እያየ።

ጋሽ ዘለቀ ወደ መድረኩ ወጡ። መዝሙሩን የጻፉት የታመመች እናታቸውን ከሐኪም ቤት በእግር ሲመልሱ እንደነበር ነገሩን። ክንዷን ይዘው አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፤ ደግሞ አንድ ይሄዳሉ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ በእናታቸው እርምጃ ልክ ዘመሩት። ስንት ሳምንት ስሮጥበት የከረምኩት ቃል ምን እንደሚል ያኔ ገና ገባኝ፤ እንባዬ መጣ። ባይመጣ ኖሮ በእማማ ብርቄ ነገር ሳቄን መቋቋም አልችልም ነበር። ጆሯቸው ደከም ስለሚል በሹክሹክታ ያወሩ መስሏቸው፣ "ምነው፣ ባትሪው አለቀ እንዴ?" ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። የኋላው መደዳ በሙሉ ፊቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ሸፈነ።

ከጸሎት በኋላ ጋሽ ዘለቀ ቴፑን ማየት ፈለጉ። ሰይፉ ከዕቃ ማስቀመጫው ክፍል አወጣው። ካሴቱን አጫወተላቸው። የራሳቸውን ድምፅ ሰሙና ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ።

"በዚህ አካሄድማ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እናቴን ይዤ ለምሳ እደርስ ነበር።"

"አሁኑኑ አላላታለሁ" አለ ሰይፉ፣ ካቻቢቴውን ከኪሱ እያወጣ። "ግን የቱ ጋ እንደነበረች አላውቅም።"

"እኔ አለሁ አይደል? እየሰማኸኝ አላላት።"

ካሴቱ እየሮጠ እሳቸው ጎኑ ቆመው በራሳቸው ልክ መዘመር ጀመሩ። ሰይፉ ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ መለሳት። ቀጭኑ ድምፅ እየወፈረ፣ እየረጋ መጣ። አንዴ አለፍ ብሎ እንደ ሰካራም ሲጎተት ሰይፉ ደንግጦ መልሶ አጠበቃት። በመጨረሻ ሁለቱ ድምፆች ገጠሙ፤ የቱ የካሴቱ፣ የቱ የእሳቸው እንደሆነ መለየት አቃተን። እኔ የቴፑን ክዳን ይዤ ቆሜ ነበር። ሰይፉ ትንፋሹን ይዞ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ይህን ልጅ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ተሰማኝ።

ጋሽ ዘለቀ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የፈጠነው መዝሙር ግን ከእኛ ወደ ፎርት ዎርዝ፣ ከዚያም ወደሌሎቹ አጥቢያዎች ሄደ። ባለፈው ወር ማኪኒ ከተማ ሰርግ ላይ ወጣቶቹ ሲዘልሉበት አየሁ። በኋላ ሰሃን ሳጥብ የጥንቱን እያንጎራጎርኩ ነበርና፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ጊታር መቺያቸው ሰምቶኝ ቆመ።

"ማሚ፣ ይሄ ስሎው ቨርዥን በጣም ናይስ ነው" አለኝ። "ማነው ሪሚክስ ያደረገው?"

ከመነሻው ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ገና ልጅ ነው፣ ጉልበቱም ደህና ነው፤ መዝለሉን ይዝለል። ክንዱን የሚይዝለት ሰው የሚፈልግበት፣ ወይም እሱ የሌላ ሰው ክንድ የሚይዝበት ቀን ሲመጣ፣ ቃሉ አፉ ላይ ይኖራል። ፍጥነቱን ያኔ ራሱ ያስተካክለዋል።