የድልድዩ ዋስ

በምርጫ ሰሞን ከሰቆጣ የሚወጣ መኪና ሁሉ ያብዳል። የእኔም ላንድክሩዘር አብዳ ነበር። ጣሪያዋ ላይ ሞንታርቦ፣ ጎንና ጎኗ ላይ የመሰላል ሥዕል፣ ውስጧ ደግሞ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ወሬ የማይጠግብ ሰው ተጭኖባት፣ የዋግን አቧራ ስትጠጣ ሰነበተች። ሰውዬው መምህር የሻምበል ይባላል። እኔ ሾፌሩ፣ እንዳለው የምባለው፣ ፊት ለፊት አንቱ እያልኩ ነድቼዋለሁ፤ እዚህ ግን እንደ ልቤ ልጻፍ።

የሻምበል የሰቆጣ ልጅ ነው። ዳሩ ግን ገና በልጅነቱ ደሴ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ስለተማረ ኽምጣኛ አይችልም። የገጠሩ ሰው ደግሞ አማርኛ አያጣም፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን በኽምጣኛ ካልሰማው የሰማው አይመስለውም። ስለዚህ አስተርጓሚ ተፈለገና ይስማው መጣ። ዘጠኝ ቀን አናቴን ያዞረኝ የሻምበል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ያዞረኝ ይስማው ነው።

ይስማው የፃግብጂ ገበሬ ነው። ከእርሻው ጎን ለጎን ሃያ ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ሲያስተረጉም ኖሯል። አንድ ጊዜ ተከሳሹ ዳኛውን በኽምጣኛ «አንተ አህያ!» ቢላቸው፣ ይስማው ቀጥ ብሎ ዳኛውን እያየ «አንተ አህያ!» ብሏቸዋል ይባላል። ዳኛው ተከሳሹን ይሰሩ ወይስ አስተርጓሚውን ግራ ገብቷቸው ችሎቱን ለከሰዓት አዛወሩት። በኋላ እኔው ራሴ «ምናለ ትንሽ ብታለዝበው?» ብለው፣ «አለዝባለሁ ብዬ አልማልኩም» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ተቀናቃኛችን ሲስተር ታይቱ ናት፤ ምልክቷ ማሰሮ፣ መኪናዋ ነጭ ፒክአፕ። ጤና ጣቢያ ስታዋልድ የኖረች ስለሆነች ግማሹን አገር በስም ታውቀዋለች፤ ኽምጣኛውንም እንደ ውኃ ታንቆረቁረዋለች። መንገዱ አንድ፣ ገበያው አንድ፣ እኛና እሷ ሁለት። እኛ ስንገባ እሷ ጨርሳ ስትወጣ፣ ወይ እሷ ስትገባ እኛ ስንወጣ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ማን ወደ ኋላ ይመለስ እያልን ስንጨቃጨቅ ቀኑ ያልቃል። የሻምበል በመስኮት ብቅ ብሎ «እንደምን ዋልሽ ሲስተር!» ይላል ጥርሱን እያሳየ፤ መስኮቱን ሲዘጋ ደግሞ «ንዳ! ንዳ እንጂ! ቀደመችን እኮ!» ይለኛል። በዚያ ኮረኮንች ላይ የት ልብረርለት?

በሦስተኛው ቀን የይስማው አገር ፃግብጂ ገባን። እዚያ አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ፍየል ይሻገረዋል፤ ክረምት ሲሞላ ግን ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሚስቱን ምጥ ቢይዛት፣ ልጁ ቢታመም፣ ጤና ጣቢያውን በዓይኑ እያየ ይቀመጣል። የሻምበል ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ሕዝቡን ወንዙ ዳር ሰብስቦ ማይኩን ጨበጠና፣ «በመጀመሪያው ዓመት እዚህ ላይ ድልድይ ይቆማል!» አለ። ይስማው አስተረጎመ። እልል ተባለ።

ከመሃል አያ ምሳው የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ደግ ተናገሩ» አሉ። «እንግዲህ ዋስ ይጥሩ።»

የሻምበል ፈገግ ብሎ፣ «ዋሴ ፓርቲዬ ነው!» አለ።

«ፓርቲው የማን ልጅ ነው? ቤቱስ ወዴት ነው? ድልድዩ ቢቀር የማን ደጅ ሄጄ ልቀመጥ?»

ሕዝቡ ሳቀ። በአገራችን ዋስ የሌለው ቃል ንፋስ ነው፤ በሬ የሚገዛም፣ ልጁን የሚድርም፣ ጠበኛውን የሚታረቅም ዋስ ይጠራል። የሻምበል የሳቁት በእሱ መሆኑ ገባውና፣ ነገሩን በጨዋታ ሊወጣው ፈልጎ እጁን ይስማው ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «እንግዲያውስ ዋሴ ይኸው ይስማው ነው! ታውቁት የለም?»

ልብ በሉ። ስሙ ለዋስነት ተጠርቶ እዚያው «አልሆንም» ያላለ ሰው ዋስ ሆነ ማለት ነው። ይስማው ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። እሱ ግን ምን አደረገ? አስተረጎመ! በኽምጣኛ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ዋሴ ይኸው ይስማው ነው፤ ታውቁት የለም?» አለና ተናጋሪው ስለጨረሰ እሱም አፉን ዘጋ።

«እናውቀዋለን። ተቀብለናል» አሉ አያ ምሳው፤ ተቀመጡም።

መኪና ውስጥ ስንገባ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ምን ነክቶህ ነው? አልሆንም አትልም?»

«አስተርጓሚ በሰው ንግግር መሃል የራሱን አይናገርም።»

«ሲጨርስስ?»

«ሲጨርስማ ተቀብለናል አሉ።»

መሪውን በቡጢ መታሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! የሻምበል ከኋላ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ይስቃል፤ ለካ የንግግሩን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ እየለቀቀው ነው። «ዋስ ያለው ብቸኛው እጩ» ብሎ ጽፎበታል። «ይስማው፣ ስንት የምርጫ አማካሪ ያላሰበውን ነው ያመጣህልኝ!» ይለዋል። ይስማው ዞሮ አየው።

«ድልድዩን ይሠሩታል?» ሲል ጠየቀው።

«ምክር ቤት እንደገባሁ አነሣዋለሁ።»

«ማንሣትና መሥራት አንድ ነው?»

«ኧረ ይስማው፣ ምርጫ እኮ ነው!»

ይስማው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። የጭንቀቱን ምክንያት ለየሻምበል ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ሰሚ ባገኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ይስማው ቀበሌ ውስጥ በድንበር ጠብ ሰው ሞቷል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ደሙ ደርቆ፣ ሁለቱ ወገኖች ሲታረቁ ዋስ የተደረገው ይስማው ነው። የሟች ወንድሞችና የገዳይ ወንድሞች ዛሬ አንድ ገበያ የሚውሉት፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱት በእሱ ስም ነው። ዋስ ደግሞ በአንዱ ሲዋሽ በሁሉም ዋሸ ነው የሚባለው። ድልድዩ ከቀረ የይስማው ቃል ቀረ፤ የይስማው ቃል ከቀረ እነዚያ ሰዎች ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ጠመንጃ ያወርዳሉ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። የሻምበል አዳመጠኝና፣ «በጣም የሚገርም ባህል ነው» አለ። ኤዲያ!

ከዚያ በኋላማ መላ ቅጡ ጠፋ። በሄድንበት ሁሉ ወሬው ቀድሞን ይደርሳል። የሻምበል ሰቆጣ ዙሪያ አንዱ ቀበሌ ውስጥ የውኃ ቦኖ ሊያስተክል ቃል ሲገባ የይስማውን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ይስማው ተምሯልና ከቃሉ ቀድሞ «አልሆንም!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡ ቦኖውንም እጩውንም ትቶ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ አንድ ገበያ ላይ ከሲስተር ታይቱ ጋር ተጋጠምን። እሷ ለዚያው ወንዝ ሁለት ድልድይ ብላለች፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለመኪና። ዋስ ጥሪ ሲሏት ከፒክአፑ ላይ ሆና በሞንታርቦዋ፣ «ይስማው ለኔም ይሁነኝ እንጂ! የጠላት ዋስ አይደለም፣ የአገር ዋስ ነው!» አለች። ይስማው ከመኪናዬ ወርዶ፣ እጆቹን እያወዛወዘ፣ በሁለት ቋንቋ «አልሆንም! አልሆንም!» እያለ ገበያውን ዞረ። እኔ ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ላሚቱን የሚያግድላቸው ሰው መርጠዋል።

በስምንተኛው ቀን አምደወርቅ ደረስን። ገበያው ጢም ብሏል። የሻምበል ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ ይስማው ግን መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አልነሣም አለ።

«ምንድነው?» አለ የሻምበል በሹክሹክታ፣ ለሕዝቡ ጥርሱን እያሳየ።

«ፃግብጂ እንመለስ። ዋስ የሚወርደው ዋስ በሆነበት ቦታ፣ ዋስ ያደረገው ሰው ባለበት ነው። እስከዚያ አላስተረጉምም።»

«መርሐ ግብር አለን!»

«እኔም አገር አለኝ።»

የሻምበል እልህ ይዞት በአማርኛ ብቻ ቀጠለ። ሰዎቹ በጨዋ ደንብ ትንሽ ቆሙለት፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ፍየል ተራው ሸሹ። ከገበያው ማዶ የሲስተር ታይቱ ድምፅ በኽምጣኛ ሲንቆረቆር፣ ሰውም ሲስቅ ይሰማል። የሻምበል መጨረሻ ላይ ለእኔ፣ ለሦስት አህዮችና ለአንድ ሰካራም ንግግር ካደረገ በኋላ ማይኩን ጣለው። «እሺ፣ እንሂድ! ሂድና ገላግለኝ!» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ያው ወንዝ ዳር ቆምን። የመጣነውን ሁሉ መንገድ መልሰን፣ አንድ ጎማ አፈንድተን። አያ ምሳው ሰዎቹን ሰበሰቡ። ከፊት ረድፍ ከወዲህ የሟች ወንድሞች፣ ከወዲያ የገዳይ ወንድሞች ተቀምጠዋል፤ ይስማው እነሱን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁ። እንዲህ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

«አያ ምሳው» አለ፣ «በአፌ ያለፈው የእሳቸው ቃል ነበር። እኔ ድልድይ መሥራት አልችልም። አውርዱኝ።»

አያ ምሳው ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። «ዋስ እንዲሁ አይወርድም። ባለ ቃሉ ሌላ ይተካ፤ ያውም ከዘመዱ።» ይስማው አስተረጎመ።

«እዚህ ዘመድ የለኝም» አለ የሻምበል።

«እናትዎ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሰቆጣ አሉ አይደል? ሚካኤልን ሲዘክሩ ስንቶቻችን ቤታቸው በልተናል። እሳቸውን ይጥሩ፤ እንቀበላለን። ይስማው ይውረድ።»

ቀላል ነገር ነበር። ስማቸውን ጠርቶ መሄድ። የሻምበል ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እናቴን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቡ!» ብሎ ጮኸ። «እናቴ ምን አድርጋ ነው ሰው ደጇ የሚቀመጥባት? እናቴንማ አይሆንም!»

ማስተርጎም የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ገብቶታል። ይስማው ግን አስተረጎመው፣ ከነጩኸቱ።

አያ ምሳው ከየሻምበል ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ወንዙን አዩ። «እናቱን ያልጠራበት ቃል፣ ቃል አይደለም» አሉ ረጋ ብለው። «ቃል ካልነበረ ደግሞ ዋስ አልነበረም። ይስማው፣ ወርደሃል።» የሟች ታላቅ ወንድም መጀመሪያ ተነሥቶ የይስማውን ትከሻ መታ መታ አደረገው፤ ቀጥሎ የገዳይ ወንድም ተነሣ። ይስማው አለቀሰ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስሳደብ የከረምኩበት ሰው መሆኑ ጭምር አናደደኝ።

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ የሻምበል መንገዱን ሙሉ ተነጫነጨ። እናቱን የማያስነካ ጨዋ ልጅ መሆኑን፣ ገጠሬው ይህን ማድነቅ ሲገባው እንዳዋረደው፣ የፓርቲው ሰዎች ምን እንደሚሉት። ከእናቱ ቤት ደጃፍ ስናቆም አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ስልክ ከላንድክሩዘር ይፈጥናል።

«ስሜን ነፈግህ አሉ» አሉት ገና ሳይወርድ።

«እማ፣ በአንቺ ስም እንዲነገድ አልፈልግም ብዬ ነው። አንቺን ሰው ደጅሽ መጥቶ እንዲያስጨንቅሽ?»

«ድልድዩን የምትሠራው ቢሆን ማን ሊያስጨንቀኝ ይመጣ ነበር?»

የሻምበል የመኪናውን በር እንደያዘ ቆመ።

«እሺ፣ አትሠራውም። ይሁን፤ ለእናትህ አዘንህ» አሉት። ወደ ይስማው እየጠቆሙም፣ «ይህንንስ ሰው ሴት አልወለደችውም?»

ለዚያ ሁሉ ገበያ ቃል ያላጠረው ሰው ወደ ይስማው ዞር አለ፤ ይስማው መሬት መሬት ያያል።

«ይስማው፣ ግባ ልጄ፤ አንተም እንዳለው ግባ፤ እህል ሳትቀምሱ ነው የዋላችሁት» አሉን እናትየው። «እሱ ንግግር ይኖርበታል፤ ይሂድ።»

ገባን። በሩን ከኋላችን ራሳቸው ዘጉት።