በእትዬ አስካለ ግቢ በኩል

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁም። ውሸቴን፣ ስድቤን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ። ይህችን ግን አራት ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። ከሌሎቹ ስለምትከብድ ይመስላችኋል? አይደለም። ስናገራት ሳቅ እንዳያመልጠኝ ስለምፈራ ነው። እየሳቀ የሚናዘዝ ሰው ምኑን ንስሐ ገባ ይባላል?

እኔ ሸማኔ ነኝ። ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ አደግሁ። ቀኑን ሙሉ ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ የሽመና ዕቃዬን ስረግጥ እውላለሁ፤ እሑድ ሲመጣ ደግሞ ያው እግሬ ብስክሌት ይረግጣል። ጓደኞቼ የሚረገጥ ነገር ካላገኘሁ እንደማልኖር እየነገሩ ይቀልዱብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ብስክሌት ላይ ስወጣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እላለሁ፣ ያለ ምክንያት እፎክራለሁ።

በሰፈራችን በዓመት አንድ እሑድ ጠዋት መንገዱ ለመኪና ይዘጋና እንወዳደራለን። ስድስት ዙር ነው። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በታች ተነስተን ዳገቱን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ እንወጣለን፤ ጫፉ ላይ እንዞርና በሌላኛው መንገድ ቁልቁል እንመለሳለን። የዳገቱ የላይኛው ግማሽ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ነው። ሰፈርተኛው ግን ድስት እየደበደበ፣ ስማችንን እየጠራ፣ የወደቀውን እየሳቀ እያነሳ መንገዱን ሠርግ ያስመስለዋል።

በዚያ ውድድር አምስት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው አለ፤ ጋሽ መኮንን ይባላል። አናጢ ነው፣ በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል። ከአራት ዓመት በፊት ጉልበቱን ስላመመው የመጨረሻው ውድድሩ መሆኑን ለሁላችንም ነገረን። ሁለት ሴት ልጆቹንም ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ መጣ። ትንሿ መጨረሻው መስመር ላይ አበባ ይዛ ቆማለች። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አጠፋሁ ማለት አልችልም።

በስድስተኛው ዙር ጋሽ መኮንን ቀደመኝ። ዳገቱ መሃል ስደርስ ከኩርባው ኋላ ተሰወረብኝ፤ የእኔ እግር ደግሞ አልታዘዝ አለ። ያን ጊዜ ነው የእትዬ አስካለን ግቢ ያየሁት። ግቢው ሁለት በር አለው፤ አንዱ በምንወጣበት፣ ሌላው በምንወርድበት መንገድ ላይ ነው። የኋላው በር ሁልጊዜ ዝግ ነበር። የዚያን ቀን ግን እትዬ አስካለ የማኅበር ተረኛ ነበሩና፣ እንግዳው ከሁለቱም በኩል ስለሚመጣ፣ ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል። ኩርባው ላይ የሚቆመው ዳኛም፣ መንገድ ዳር የነበረው ሰፈርተኛም መጨረሻውን ለማየት ወርደዋል።

ገባሁ። ድካሙ አይደለም ያስገባኝ፣ ሰይጣንም አልገፋኝም። መሪውን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ነጠላ የለበሱ እናቶች ዳቦ ሊቆርሱ ተሰብስበዋል። ሲያዩኝ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እትዬ አስካለ ብድግ ብለው፣ “ውይ በሞትኩት! ውድድሩ በእኛ ቤት ነው እንዴ የሚያልፈው? ኧረ እልል በሉ!” አሉ። እልልታው ቀለጠ። አንዷ እናት ጠላ በጣሳ አስጨበጡኝ፣ ሌላዋ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ! ለሌባ የተሰጠ ምርቃት የት ይደርሳል?

የኋላው በር ላይ ስደርስ ጋሽ መኮንን ገና አልወረደም ነበር። ቀድሜው ብወጣ ይነቃብኛል። ስለዚህ አንድ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ከበሩ ጥግ ተሸሽጌ፣ ጠላዬን እየጠጣሁ ጠበቅሁት። ሰው የሌላውን ድል ሊሰርቅ እንደዚያ ተረጋግቶ ይቆማል? እኔ ቆምኩ። እሱ ሽው ብሎ ሲያልፍ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጬ ከኋላው ተከተልኩት።

እሱ ዳገቱን ሙሉ ወጥቶ ነው የሚወርደው፤ እኔ ትንፋሼን ሰብስቤያለሁ። መስመሩ ጋ ስንደርስ በአንድ ጎማ ቀደምኩት። ታዲያ ልንገራችሁ፣ ያን ቁልቁለት ስወርድ እንደተደሰትኩት በሕይወቴ ተደስቼ አላውቅም። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ሸሚዜን የሚነፋው ንፋስ፣ የሰዉ ጩኸት! የተሸለምኩትን በግ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጨፈርኩ። ትንሿ ልጅ መጥታ አበባውን ሰጠችኝ፤ ለካ አባቷ ለአሸናፊው ስጪ ብሏት ኖሯል። ተቀበልኳት።

ጋሽ መኮንን ላቡን ሳይጠርግ አቀፈኝ። “አንተ! በዚያ ዳገት እንዴት ደረስክብኝ? ምን ዓይነት እግር ነው?” አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

በዓመቱ እትዬ አስካለ ሁለቱንም በሮች ከፍተው፣ ለተወዳዳሪው ሁሉ ጠላ ቀድተው ሲጠብቁ ዋሉ። ማንም አልገባም። በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ “ዘንድሮ መንገዱን ለወጡት እንዴ ልጄ?” አሉኝ። “አዎ እትዬ፣ ለወጡት” አልኳቸው። እሳቸውንም ዋሸሁ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር። ጋሽ መኮንን ግን አላቆመም። ያን ዳገት እንደ እኔ ሳይወጣ ብስክሌት እንደማይሰቅል ማለ። በየእሑዱ ጉልበቱን በጨርቅ ጠፍሮ አብሮኝ ይለማመዳል፤ ዘዴውን እንዳሳየውም ይለምነኛል። ሰው ሁሉ መሸነፉ ወጣት አደረገው ይላል፤ እኔም በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ባለፈው ወር ግን ሐኪሙ ጉልበቱን ካላሳረፈ በምርኩዝ እንደሚሄድ ነግሮታል። እሱ እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ያን ዳገት እሱ እንደሚያስበው የወጣው ማነው? ማንም የለም። እኔም አልወጣሁትም።

እሑድ ጠዋት ዳገቱ ሥር ይጠብቀኛል። ሳንነሳ እነግረዋለሁ፦ አልደረስኩብህም፣ የዚያን ቀን ያሸነፍከው አንተ ነህ። ከዚያ ቤቱ ሄጄ ልጆቹ ፊት እደግመዋለሁ። ደስ ብሎኝ እንደነበርም አልደብቀውም፤ የሰረቅሁት ምን ያህል እንደሆነ ይወቀው። ይቅር ቢለኝ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ባይለኝም እውነቱን ነው። ብቻ ጉልበቱን ፈትቶ ቤቱ ይቀመጥ፤ ያሸነፈውን ውድድር ለማሸነፍ ዳገት አይውጣ።