የእህቴ መኪናና የሦስቱ ሽማግሌዎች ፊርማ

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። አገር ቤት ሳለሁ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ ሕግ የተማሩ ጠበቆች የእኔን ጽሑፍ እያነበቡ ይከራከሩ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ ራሴ ተማርኩት። የመጀመሪያ መጽሐፌ ለባለመኪናዎች የማድለው ቲኬት ነው። ፊቱ ላይ የገቡበት ሰዓት አለ። ጀርባው ላይ ደግሞ ጉንዳን የሄደበት የሚመስል ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ መኪናህ ቢሰረቅ፣ ቢጋጭ፣ ቢቃጠል እኛ የለንበትም ይላል። ከረባት ያሰሩ የባንክ ሰዎችና ጠበቆች በየቀኑ ከእጄ ይቀበሉ ነበር፤ አንድም ሰው ገልብጦ ሲያነብ አላየሁም። ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ከተማ ስለ ደቃቅ ጽሑፍ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ አለ ቢሉኝ አላምንም።

ታናሽ እህቴ የእኔ ተቃራኒ ናት። ወረቀት ሲሰጧት የሚታያት የሚፈረምበት መስመር ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ኮሎምቢያ ሃይትስ ትኖር ነበር። ሥራዋ አቅመ ደካማ አሮጊቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ማጠብና ማልበስ ነው። አንዷ አሮጊት ጎረቤቷ ናት፣ ሌላዋ ግን ከከተማው ማዶ አፕል ቫሊ ነው ያለችው፤ መኪና የሌለው ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም። በረዶው ገና ሳይቀልጥ አንዷን ከመታጠቢያ ገንዳ ስታነሳ ወገቧን ያዛት። ሐኪሙ ሦስት ወር እንዳትሠራ አዘዘ። ደሞዝ ቀረ፤ የመኪናው ብድር ግን ወገብ የለውም።

«አትጨነቅ ጋሼ» አለችኝ ትራስ ተደግፋ። «ኢንሹራንስ አለኝ። ብታመም ፔይመንቱን እነሱ ናቸው የሚከፍሉልኝ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«መኪናውን የሸጠልኝ ልጅ ነዋ። የቸርቻችን ልጅ።»

የሐኪሙን ወረቀት ልካ ክፈሉልኝ አለች፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከኢንሹራንሱ ኩባንያ መልስ መጣ። ይህ ኢንሹራንስ በሳምንት ከሠላሳ ሰዓት በታች ለሚሠራ ሰው አይሆንም፤ እርስዎ የሚሠሩት ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ ፎርሙ ላይ የተሞላው ግን አርባ ነው፤ ሐሰተኛ መረጃ ስለሰጡ አንከፍልም ይላል። በዚያው ሳምንት ደግሞ አበዳሪው ጻፈ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ መኪናው ይወሰዳል። መኪናው ከተወሰደ ወገቧ ቢድንም የምትመለስበት ሥራ አይኖርም።

ውሉን ሲዋርድ ወዳለው ቤቴ ወስጄ፣ በመነጽሬ ላይ አጉሊ መነጽር ደርቤ አነበብኩት። የኢንሹራንሱ ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብድሩ ላይ ተደምሯል፤ ስለዚህ ሊጠቅማት ለማይችል ነገር ወለድ ስትከፍል ከርማለች። ለመላጣ ሚዶ ሸጠው፣ የሚዶውን ዋጋ በወለድ አበደሯት።

«ስትፈርሚ አነበብሽው?» አልኳት።

«ፊቱ ቁጭ ብዬ?» አለች፣ የሰደብኳት ይመስል። «እየተጠራጠርኩት እንደሆነ እያየኝ ላንብብ?»

በሽታችን ይኸው ነው። ሻጩ ፈረንጅ ቢሆን ምናልባት አንድ ገጽ ትገልጥ ነበር። ይህ ልጅ ግን አፓርታማ ፈልጎላታል፣ በበረዶ ቀን ከቸርች ቤቷ አድርሷታል፣ እህቴ እያለ ይጠራታል። የእንዲህ ያለን ሰው ወረቀት ፊቱ ማንበብ ኪሱን እንደ መፈተሽ ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር መኪና ሻጮቹ በገንዘብ ቢገዙት ኖሮ አይችሉትም ነበር፤ እኛ በነጻ እናድላቸዋለን።

«ሰዓቱንስ ስንት ብለሽ ነገርሽው?»

«ሃያ አራት። የሞላው እሱ ነው፤ እኔ ሳይን ብቻ ነው ያደረግኩት።»

ለኩባንያው አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ከታላቅ አክብሮት ጋር ለክቡርነትዎ» ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ፍርድ ቤት በር ላይ እንዲህ ያለ መግቢያ ዳኛ ያስነሳ ነበር። መልስ ሆኖ የመጣው ለጣሪያ የሚሆን ኢንሹራንስ እንድገዛ የሚጋብዝ ባለቀለም ወረቀት ነው። በኪራይ ቤት ለምኖር ሰው! ጥፋቱ የደብዳቤው አይደለም፣ የአንባቢው ነው። ከዚያ ኢንሹራንስ ሻጮችን ወደሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት ጨዋ ነበረች። አቤቱታውን የምትፈርመው እህትህ ናት አለች፤ ሃያ አራት ብላ ለመናገሯ ደግሞ ማስረጃ ካለህ ላክ፣ ከሌለህ የእሷ ቃል በእሱ ቃል ላይ ይሆናል አለች።

እህቴ ግን አልፈርምም አለች።

«ልጁን ከሥራ አስባርሬ እሁድ በየት በኩል ነው ቸርች የምገባው?»

«በበሩ» አልኳት።

አልሳቀችም። ያኔ የኩባንያውን ደብዳቤ አውጥቼ ቃል በቃል በአማርኛ አነበብኩላት። እስከዚያ ድረስ አንከፍልም ማለታቸውን እንጂ ምክንያቱን አልሰማችም ነበር።

«ዋሽታለች ነው የሚሉት?»

«በጨዋ ቋንቋ።»

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለች።

ወሬው ሻጩ ዘንድ ለመድረስ አራት ቀን አልፈጀበትም። ልጁም የእኛ ሰው እንደሚያደርገው ሽማግሌ ላከ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቴ ሳሎን ሦስት ሆነው መጡ፤ አንዱ የቸርቹ ሽማግሌ፣ አንዱ ታክሲ የሚነዳ የልጁ አጎት፣ ሦስተኛው ደግሞ በሚኒያፖሊስም በጎረቤቷ ከተማም ምሳ ካለበት እርቅ የማይቀር ሰው። ልጁ ጫማውን አብለጭልጮ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የመክፈቻው ጸሎት ረዘመ፤ እኔ በዚህ መካከል ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጀሁ።

«ወንድማችን ተጸጽቷል» አሉ የቸርቹ ሽማግሌ። «እህታችንም በጌታ ፍቅር ክሱን ታነሳለች። በዚህ እንባረክ።»

«አሜን» አልኩ። «ግን እርቅ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በዳይ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። ጥፋቱ ሳይታወቅ ምኑን ነው ይቅር የምትለው?»

አጎቱ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው። ተናገር ልጄ።» መናገር ምንም የማያስከፍል መስሎት ነው።

«ክፉ አስቤ አይደለም ጋሼ» አለ ልጁ። «ሃያ አራት ብላኛለች። ሃያ አራት ስሞላ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ማናጀሩ ደግሞ ኢንሹራንስ የማትሸጥ ከሆነ እዚህ ምን ትሠራለህ ይለናል። አርባ አልኩት፣ ተቀበለ። ማን ይታመማል ብዬ ነው።»

«ማን ይታመማል ብሎ ነው» አለች እህቴ ወገቧን ደግፋ።

ልጁ ተነስቶ ጉልበቷ ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ያዘችው። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ከልቤ ነው። መኪናዬን ሊወስዱ ከሚመጡት ሰዎች ጋርስ ማን ያስታርቀኝ?»

እኔ ልጁ የተናገረውን አንድ ቃል ሳልጥል በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌ ጨርሻለሁ። ወረቀቱን ፊቱ አኖርኩት።

«እዚህ ላይ ፈርም።»

«ጋሼ! ይሄ እኮ እርቅ ነው!»

«የት አገር ነው እርቅ ሳይፈረም የሚጸናው? እኔ የእርቅ ውል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዳይ ይፈርማል፣ ሽማግሌዎች በምስክርነት ይፈርማሉ።»

የቸርቹ ሽማግሌ አጎቱን አዩ፣ አጎቱ ልጁን አየ። ያ ምሳ ወዳዱ ግን እጁን ዘረጋ። «ያልተጻፈ እርቅ ከበር አያልፍም። አምጣው፣ እኔ ልጀምር።» ሰውየውን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ንቄው ነበር። እሱ ከፈረመ በኋላ ሌሎቹ እምቢ የሚሉበት አፍ አጡ።

ልጁ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን አነሳና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ገልብጦም ጀርባውን አየ።

«አየህ» አልኩት፣ «ለካ ሰው ፊት ይነበባል።»

ፈረመ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤቱም ለኩባንያውም ፋክስ አደረግኩ። አበዳሪው ጋ ደውዬ ጉዳዩ ስቴቱ እጅ ነው ስላቸው፣ እነዚያ አንድ ቀን መጠበቅ የማይችሉ ሰዎች ትዕግሥት አገኙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ሰው እንዳይረሳው፣ በተራ ልጻፈው።

አንድ፤ ኢንሹራንሱን ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ አሰረዝኩ፤ የከፈለችው ከነወለዱ ተመለሰ።

ሁለት፤ በተመለሰው ገንዘብ የሦስቱ ወር ተከፈለ፣ መኪናውም ከነበረበት አልተነቃነቀም። በበጋ አፕል ቫሊ ወዳለችው አሮጊት ራሷ እየነዳች ሄደች።

ሦስት፤ «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል ከፋይሏ መሰረዙን በደብዳቤ እንዲያረጋግጡ አስገደድኳቸው። ገንዘቡ ሲመጣ አመሰገነችኝ፤ ይህ ደብዳቤ ሲመጣ ግን አለቀሰች።

አራት፤ እሁድ በበሩ አስገባኋት። እስከ መግቢያው ሸኘኋት፤ ልጁ ነው በሩን የከፈተላት።

አምስት፤ ያው ልጅ በራሱ ፈቃድ መኪና መሸጡን ትቶ ቤት ማሻሻጥ ሲጀምር፣ ያለ ቅድመ ክፍያ ቤት አገኝልሃለሁ ብሎ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ፊቱ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ተነሳ።

ስድስት፤ እህቴን ማንበብ አስተማርኳት። ይህን የጻፍኩትን ስሰጣት ፊቴ ቁጭ ብላ፣ ምንም ሳታፍር፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ አነበበችው። «ሕግ የተማሩ ጠበቆች ያልከው አንድ ጠበቃ ነው» አለች፤ «እሱም የአክስታችን ልጅ ነው። እስክሪብቶ ስጠኝ፣ ላስተካክለው።»

እስክሪብቶውን አልሰጠኋትም።